አማቼን የጋበዝኩበት ቤት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሲያጨበጭብ በሰማሁ ቁጥር እስከ ጆሮዬ እቀላለሁ። ሰርግ ላይም ይሁን ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ላይ ለውጥ የለውም። ለምን እንደሆነ ስትሰሙ ትፈርዱልኛላችሁ።

የምኖረው ጭሮ ነው። ሥራዬ ሞባይል መጠገን ነው፤ የምታወቀው ግን በሆዴ ነው። አስፋልት ዳር ያሉትን ምግብ ቤቶች ማንም ያውቃቸዋል። የእኔ ኩራት ታፔላ የሌላቸው ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ጥቂት ሰው አስቀምጠው የሚያበሉ፣ ሰው በሰው ካልሆነ የማይገኙ ቤቶች አሉ አይደል? እነሱን። ጓደኞቼ እንግዳ ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሾቹን ቤቶች የማውቃቸው በወሬ ብቻ ነበር፤ ይህንን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያኔ ሌሊሴን ላገባ ደፋ ቀና እል ነበር። ሌሊሴ ያደገችው ገለምሶ፣ አጎቷ ኦቦ ዋቅጅራ ቤት ነው። ኦቦ ዋቅጅራ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው እሺ ካላሉ ሰርግ የሚባል ነገር የለም። ሰውን ደግሞ የሚመዝኑት በአጋባበዙ ነው። ከዚህ በፊት ለሌሊሴ የመጣን አንድ መምህር ቀዝቃዛ ፓስታ ጋብዞኛል ብለው መልሰውታል።

«ጭሮ መጥቼ ልጁን ልየው» ሲሉ ሌሊሴ ደወለችልኝ። «አስፋልት ዳር እንዳትወስደው፤ ሁሉንም በልቶባቸዋል። የማያውቀው ቦታ ፈልግ» አለችኝ።

እኔም ደረቴን ነፋሁ። አንድ ደንበኛዬ ስለ አንዲት ወይዘሮ ቤት አውርቶልኝ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ጸጥተኛ ሰፈር ነው፤ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ። ምግቧ ጣት ያስቆረጥማል ብሎኛል። ረግጬው አላውቅም። ለኦቦ ዋቅጅራ ግን በስልክ «የቤቱ ደንበኛ ነኝ፤ እኔ ስመጣ ቤቱ ይነቃነቃል» አልኳቸው።

ኦቦ ዋቅጅራ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከሚኒባሱ ወረዱ። «ጠዋት ምንም አልቀመስኩም። ያንተን ቤት ስል ሆዴን ባዶ አድርጌ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ስለዚያ ምስኪን መምህር ፓስታ ነበር የሚያወሩኝ።

ሰፈሩ ስንደርስ ሁለት ሰማያዊ በር ጎን ለጎን ተገትረው አየሁ። ደንበኛ ነኝ ያለ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ «የቱ ይሆን?» ማለት አይችልም። ከአንደኛው ግቢ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ መጣ። ያንን አንኳኳሁ። በምሳ ሰዓት ሽንኩርት የማይቁላላበት ቤት እንደሌለ አላሰብኩም።

አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ከፈተች። ኦቦ ዋቅጅራ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እንዴት ነሽ እህቴ! ጠፋሁ አይደል? ዛሬ ትልቅ ሰው ይዤልሽ መጥቻለሁ» አልኳት።

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ኮታቸውንና ከዘራቸውን አየች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ባጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን በደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ» ብላ በሩን ወለል አደረገችው። ኦቦ ዋቅጅራ ገልመጥ አድርገው አዩኝና ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። እኔም በደስታ ሰከርኩ።

ሳሎኑ ዙሪያውን ፍራሽና መከዳ የተነጠፈበት ነው። ማስታጠቢያ ይዛ መጥታ እጃችንን አስታጠበችን። ኦቦ ዋቅጅራ «መስተንግዶ ማለት ይሄ ነው» አሉ። ሴትዮዋ ወደ ጓዳ ገባች። ጥቂት እንደቆየች ኦቦ ዋቅጅራ ሁለት እጃቸውን አነሱና ጯ፣ ጯ፣ ጯ አድርገው አጨበጨቡ።

ሴትዮዋ እየሮጠች ወጣች። በእጇ ጭልፋ ይዛለች።

«ምን ምን አለ?» አሏት።

«ሽሮ አለ፣ ሩዝ አለ… ቤት ያፈራውን ነው አባቴ።»

«ሥጋስ?»

«ዛሬ የለም» አለች አንገቷን ደፍታ። ኦቦ ዋቅጅራ ወደ እኔ ዞረው «ሥጋ የሌለው ምግብ ቤት?» የሚል ዓይን አሳዩኝ። ፓስታው ትዝ አለኝና ላብ አጠመቀኝ። «ግድ የለም እህቴ፣ ከየትም ብለሽ አምጪ» አልኳት። አፌን ይቁረጠው። እሷም ወደ ጓዳ ገብታ በስልክ ሰው ስታናግር ሰማሁ።

ሽሮውና የማሽላ እንጀራው ቀረበ። ኦቦ ዋቅጅራ ብድግ ብለው ጸለዩ። ጸሎታቸው እንደ ልማዳቸው ረጅም ነው። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ቤት ባርክ። ከሚኤሶም ከቦኬም የተራበ ሁሉ ወደዚህ ቤት ይጉረፍ። በሩ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋ።» ሴትዮዋ ውኃ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አየሁ፤ ለአሜን የከፈተችው አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

ቀመሱት። «ጥሩ ነው» አሉ። እንደገና አጨበጨቡ። ውኃ አዘዙ። ደግሞ አጨበጨቡ። ቃሪያ አዘዙ። ሴትዮዋም እያንዳንዱን ይዛ ስትመጣ «ሌላስ አባቴ? የጎደለ አለ?» ትላለች። እንዲህ ያለ አሳላፊ ጭሮ ውስጥ አይቼ አላውቅም ብዬ ተገረምኩ።

በዚህ መሃል ባልየው መጣ። አህመዲን ይባላል። ሰላምታ ሰጥቶ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«አንተ ነህ ባለቤቱ?» አሉት ኦቦ ዋቅጅራ።

«አዎ ኦቦ።»

«ቤትህ ጥሩ ነው። ሥጋ አለመኖሩ ነው ቅር ያለኝ።»

«በጣም ይቅርታ። ቀደም ብላችሁ ብትነግሩን ኖሮ» አለ አህመዲን። የምሩን አፍሮ ነበር። ተነሣና እኔን በዓይኑ ጠቀሰኝ። ተከትዬው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ጓሮ እንደደረስን ከቆጡ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ አውርዶ አስታቀፈኝ። ቀጥሎ ቢላ አወጣና እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ ሰጠኝ። «እንካ ወንድሜ። ሽማግሌው ሲጸልዩ ሰምታ ባለቤቴ ነግራኛለች። በራስህ እጅ ባርከህ እረድ፤ ያለ ሐሳብ እንድትበሉ» አለኝ።

እኛ አገር ይህ የቆየ ደንብ ነው። ሙስሊም ቤት ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ ቢላው ለእንግዳው ይሰጣል፤ ክርስቲያኑም ለሙስሊም እንግዳው እንዲሁ ያደርጋል። እናቴም ስታደርገው አይቻለሁ። ይህ የሚደረገው ግን በሰው ቤት ነው። የትኛውም ምግብ ቤት ለተመጋቢ ቢላ ሰጥቶ እረድ አይልም።

ዙሪያዬን አየሁ። የልጅ ካልሲ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። የተማሪ ዩኒፎርም ተሰጥቷል። በአጥሩ ላይ ደግሞ ከጎረቤት ግቢ «ሁለት በያይነት፣ አንድ ፍርፍር!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ይቅርታ» አልኩት። «ይሄ… ምግብ ቤት አይደለም?»

አህመዲን አፍጥጦ አየኝ። «አንተ የፈጡማ የአጎቷ ልጅ አይደለህም? የቦኬዎቹ፣ ክርስቲያን የሆኑት?»

«አይደለሁም።»

«ፈጡማ!» ብሎ ተጣራ። ሚስቱ መጣች። «እነዚህ ወገኖችሽ አይደሉም እንዴ?»

«የእኔ ወገን? ኧረ እኔስ ሽማግሌው አንተ የምትነዳው አይሱዙ ባለቤት መስለውኝ ነው!» አለች። አሠሪውን አይታው አታውቅም። ባሏን ከሥራ እንዳያባርሩት ስትፈራ ነው ለካ ለእያንዳንዱ ጭብጨባ ስትሮጥ የነበረው። ባል የሚስት ዘመድ፣ ሚስት የባል አሠሪ መስለናቸው፣ ሁለቱም እንግዳ ሳይበላ ማን ነህ አይባልም ብለው ዝም ብለዋል።

ሁሉንም አፍረጥርጬ ነገርኳቸው። ስለ ሌሊሴ፣ ስለ አጎቷ፣ ስለ ቀዝቃዛው ፓስታ ሳይቀር ነገርኳቸው። ዶሮዋን እንዳቀፍኩ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ፈጡማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ከዚያ «ታዲያ እስካሁን ያጨበጨበብኝ ማነው?» አለች።

አህመዲን አልቻለም። ፎጣውን አፉ ውስጥ ወትፎ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ገብቼ ነግሬያቸው እንሂድ» አልኩ።

«በፍጹም! ሰውየው ቤቴ መብላት ጀምሯል። አሁን ብትነግረው ጉሮሮው ላይ ይቆማል። ይጨርስ» አለኝ። ፈጡማ በበኩሏ ዶሮዋን ከእጄ መንጭቃ ወሰደች። «እኔ ለመኪናው ባለቤት ብዬ እንጂ ለማንም ብዬ እንቁላል የምትጥል ዶሮዬን አላሳርድም። እንቁላል እጠብሳለሁ» አለች። እግዜር ይስጣት፤ እኔም ዶሮ አርጄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የአህመዲን ጨዋታ ነው። ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ገባና የተጠበሰውን እንቁላል አቀረበ።

«ሥጋውስ?» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ።

«አልቋል!» አለ፤ ልክ እንደ ምግብ ቤት አሳላፊ፣ ሰው ሳያይ። እኔ ሽሮው ላይ አቀረቀርኩ። ኦቦ ዋቅጅራ እየበሉ ምክር ቀጠሉ። ታፔላ ስቀሉ፣ ሻይም ጀምሩ፣ ሴትዮዋ ጎበዝ ናትና እንዳትለቅባችሁ አሉት። «እሺ ኦቦ፣ እንዳትለቅ እጥራለሁ» ይላል አህመዲን። ፈጡማ ከመጋረጃ ጀርባ ስትስቅ እሰማታለሁ። ሂሳብ ሲጠይቁም «በደንበኛው ተዘግቷል» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ወደ መናኸሪያ ስንሄድ ኦቦ ዋቅጅራ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ምግብ ቤት እንዲህ አድርጎ የሚያከብረው ሰው ክፉ አይሆንም። ሌሊሴ ያንተ ናት» አሉኝ።

የምፈልገው ቃል ወጣ። አፌን ዘግቼ ብሸኛቸው አልቆልኝ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ግን በመስኮት ብቅ አሉና «በሚቀጥለው ቅዳሜ አንተን እንዲያዩ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች በሙሉ ይዤ እመጣለሁ። ምሳ እዚያው ቤት ነው። ለሴትዮዋ ንገራት፤ ሥጋም ይኑር» አሉኝ።

ያ ሁሉ ሽማግሌ በፈጡማ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ በአንድነት ሲያጨበጭብ ታየኝ። አላስቻለኝም። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል በመስኮቱ በኩል ነገርኳቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ።

ኦቦ ዋቅጅራ ወረዱ። መሬቱን በከዘራቸው እየወጉ ወደ መጣንበት ተመለሱ። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ሌሊሴ እንዳመለጠችኝ አውቄዋለሁ፤ የማስበው ምን ብዬ እንደምደውልላት ብቻ ነበር።

ፈጡማ በሩን ስትከፍት ኦቦ ዋቅጅራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ በገዛ ቤትሽ አጨበጨብኩብሽ። ይቅር በይኝ» አሏት።

«ኧረ አባቴ፣ ምን ችግር አለው! ግቡ» አለች። ገባን። በቡና ገለባና በወተት የሚፈላውን ሆጃ ከዳቦ ጋር አቀረበች። ይቅርታ ሊጠይቁ የመጡት ሰውዬ ሁለተኛ በሉ።

ከዚያ ኦቦ ዋቅጅራ ወደ አህመዲን ዞሩ። «እዚህ ከተማ ውስጥ ስለዚህ ልጅ የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም። አንተ ምን ትላለህ?»

አህመዲን ጢሙን ዳበሰ። «ኦቦ፣ ይሄ ሰው ምግብ ቤት አያውቅም። ዶሮ ማረድ አይችልም። የጎረቤትን በር እንኳ ለይቶ አላንኳኳም። ግን እውነቱን ሊነግረኝ ሲል ዶሮዬን እንደ ሕፃን አቅፎ እንባው ግጥም ብሎ ነበር። ልጅቷን እንደዚያ ከያዘልዎት ይበቃል» አለ።

ኦቦ ዋቅጅራ እኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቁ መጀመሪያ አየኋቸው። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ምሳውን እኔው ቤት አበላን፣ ፈጡማም መጥታ አገዘችን።

አሁን ሰው «ጭሮ ውስጥ ጥሩ ቤት ጠቁመን» ሲለኝ አስፋልት ዳር ያለውን እጠቁማለሁ። የጎረቤቷን ምግብ ቤት እስከ ዛሬ አልሞከርኩትም፤ ፈጡማ ዘይት ታበዛለች ብላኛለች። ከሌሊሴ ጋር ግን እነ አህመዲን ቤት ሳንሄድ ወር አይሞላንም። እንደ ወንድምና እህት ሆነውልናል። ያን ቀን ሌላኛውን በር አንኳኩቼ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ይቀርብኝ ነበር ብዬ ሳስብ ደስታዬ ወሰን የለውም። ሃፍረቱ ግን አለቀቀኝም። ልቀቀኝ ብለውም ፈጡማ አትፈቅድም። ሰማያዊውን በር ባንኳኳሁ ቁጥር ከፈት ታደርግና ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ምን ልታዘዝ?» ትለኛለች።