አባቴ ያላለቀሱበት ፊልም

ባለፈው ሳምንት ሣጥን ሳጸዳ ያቺን የቆርቆሮ ጣሳ አገኘኋት። ክዳኗን ስከፍት የአቼቶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ፊልም ሲያረጅ እንዲህ ይሸታል አሉ። ውስጧ ያለው ዛሬ ልጆች ትሬለር የሚሉት ነገር ነው። እሱን ስንሠራ አባቴ እንዴት እንዳናደዱኝ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የፊዚክስ መምህራችን ወጣት ሕንዳዊ ነበር፤ ትንሽ የፊልም ካሜራ ነበረችው። ልጁን ለውትድርና ስለሚሸኝ ድሃ ገበሬ ፊልም እንሥራ ብለን ለመንነው። በእጁ ያለው ፊልም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚበቃ ስለነበር፣ «መጀመሪያ ማስተዋወቂያውን እንሥራ፤ ሰው ከወደደው ሌላ እናስመጣለን» አለን በእንግሊዝኛ። አዘጋጇ እኔ ሆንኩ። ልጁን ታላቅ ወንድሜ፣ ገበሬውን ልብስ ሰፊው አባቴ እንዲሆኑ አግባባሁ። ምነው ባላግባባሁ።

ለአባቴ የተቀዳደደ እጀ ጠባብ ሰጠኋቸው። በማግስቱ፣ የጉና ብርድ አጥንት በሚሰብርበት የገብስ ማሳ ዳር፣ ቀዳዳውን ሁሉ ጠቅመው፣ ተኩሰው፣ ለብሰውት መጡ።

«አባባ፣ ድሃ ገበሬ ነዎት እኮ።»

«ድሃ መርፌ የለውም ያለሽ ማነው? ደንበኞቼ ያዩኛል።»

ካሜራው ቅርርር ማለት ጀመረ። ወንድሜ የዘማች ስንቅ ያልነውን ጥቅል ይዞ ፊታቸው ቆመ። ማልቀስ ነበረባቸው። እሳቸው ግን ጥቅሉን ተቀብለው አጥብቀው አሰሩለት፤ ኮሌታውን አቀኑለት፤ ከዚያ ሳቁ።

«ያልቅሱ እንጂ፣ አባባ።»

«ልጄ አጠገቤ ቆሞ ምን ሆኜ ነው የማለቅሰው? አታሟርቺብን።»

ሽንኩርት ልጬ ዓይናቸው ሥር ብይዝ፣ «ይህ ለወጥ ነው» ብለው መለሱልኝ። ወንድሜም ሳቁን መያዝ አቃተው። ፊልሙ እንዲሁ አለቀ። ከንዴቴ ብዛት እያለቀስኩ ቤት የገባሁት እኔ ነኝ።

መምህሩ ፊልሙን ለማሳጠብ ውጭ አገር ላከው፤ እስኪመለስ ወራት ፈጀ። በመካከሉ ወንድሜን የእውነቱ ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ወሬው ጠፋ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ፊልሙ ሲመጣ በምላጭ እየቆረጥን፣ በማጣበቂያ እየቀጠልን ማስተዋወቂያውን ጨረስነው። ድምፄን የቀዳንበት ካሴት ደግሞ ከምስሉ ጋር አልገጥም ብሎ አቃጠለኝ፤ ክፍል ውስጥ ለተማሪው ስናሳይ፣ እኔ «አባት ልጁን በእንባ ሸኘ» ስል አባቴ ግድግዳው ላይ በወጠርነው አንሶላ ላይ ይስቃሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሙሉ ፊልሙም በዚያው ቀረ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ የስፌት መኪናቸውን ከድነው፣ ማንም ሳይጠራቸው ትምህርት ቤት መጡ። መምህሩ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ አሳያቸው። ሲያልቅ «ድገመው» አሉት። ደገመው። አሁንም «ድገመው» አሉት።

«አባባ፣ ይበቃል፤ ይበጠሳል እኮ» አልኩ፣ በቁጣ።

በመጨረሻ ፊልሙ አለቀና አንሶላው ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ። አባቴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብርሃኑን ያያሉ። አማርኛ እምብዛም የማያውቀው መምህር አምፖሉን አላጠፋም። ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ።