የአባቴ መኪናና የቅሬው ቃሬዛ

ልጅ እያለሁ መኪናን የምመዝነው በፊት መብራቷ ነበር። መብራቷ ክብ ከሆነ ደግ፣ ጠበብ ካለ ክፉ ትመስለኝ ነበር። ዛሬ መኪና ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ሁሉ “እስቲ አንቺ እይልኝ” እያለ ሲወስደኝ ቀለሟንም መብራቷንም አላይም። ጎንበስ ብዬ ሆዷን ነው የማየው። ከመሬት ምን ያህል ከፍ ትላለች? የጭስ ማውጫዋ፣ ማርሚታዋስ የት ላይ ተንጠልጥሏል? ሻጮቹ ይስቁብኛል። ሽበታም ሴትዮ ቀሚሷን ሰብስባ መኪና ስር ስታጮልቅ ማየት ያስቃቸዋል መሰለኝ። ይሳቁ። እኔ ይህን የተማርኩት ጨፋ ሜዳ ላይ ነው፤ ክፍያውም ቀላል አልነበረም።

አባቴ ሰይድ ከሚሴ ላይ የእህል መደብር ነበረው። ቤታችን ግን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጨፋ ሜዳ ማዶ ባለች መንደር ውስጥ ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። የኔ እድሜ ሰዎች እንደምታስታውሱት ያኔ በደሴ መንገድ የሚያልፈው አብዛኛው ጣሊያን ትቶት የሄደ የጭነት መኪና ነበር፤ ዳገት ላይ ሲያጓራ ድምፁ ከመድረሱ ብዙ ቀድሞ ይሰማል። አባቴን አንድ የሚያውቀው ሾፌር “ለዚህ አገር ከፍ ያለችውን፣ የስር ሞላዋ፣ ባሌስትራዋ የጠነከረውን ግዛ” ብሎት ነበር። አልሰማውም። ደሴ ወጥቶ የወተት ቀለም ያላት፣ ሆዷ ለመሬት የቀረበ የቤት መኪና ይዞ መጣ።

ቁንጅናዋን ዛሬም አልክድም። የጎማ መከለያዋ፣ ፓራፋንጎዋ ድብልብል ያለ፣ ኮፈኗ ረጅም፣ ወንበሯ ቀይ ቆዳ ነበር። በሯ ሲከፈት የቆዳና የቤንዚን ሽታ ተደባልቆ ይወጣል፤ እኔ ያንን ሽታ ለመሳብ ብቻ ውስጧ ገብቼ እቀመጥ ነበር። የዛሬዎቹ መኪኖች ሁሉም የተቆጣ ሰው ፊት ይመስሉኛል፣ እሷ ግን ፈገግ ያለች ነበረች። አንድ ችግር ነበረባት፤ የኋላ ግራ በሯ ከእርጅና ብዛት አይቆለፍም። አባቴ ሲነዳ እኔ ከኋላ ተቀምጬ በሩን በሁለት እጄ እይዝለት ነበር። ሠሪዎቿን አልወቅስም፤ እነሱ ለአስፋልት ነው የሠሯት። ወደ ዋልካ ጭቃ ያመጣናት እኛ ነን።

በኛ አገር ቅሬ አለ። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ድረስ የሚያደርሰው ቅሬው ነው። ወንድ የተባለ ሁሉ ተራው ሲደርስ ትከሻውን ይሰጣል። አባቴም ይሰጥ ነበር። መኪናዋን ከገዛ ወዲህ ግን “በሽተኛ ካለ በመኪናዬ አደርሳለሁ” እያለ ቃሬዛውን ተወ። እውነቱን ለመናገር በበጋ ብዙ ሰው አድርሷል። ስለዚህ ማንም ምንም አላለውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴን ከንጋት ጀምሮ ምጥ ያዛት። ረፋዱ ላይ አዋላጇ እጇን እየጠረገች ወጥታ “ይሄ ከኔ በላይ ነው፣ ደሴ ሐኪም ቤት ትድረስ” አለች። የቅሬው ሰዎች ወዲያው ተሰበሰቡ። ዳኛው አያ እንድሪስ የቃሬዛውን ጠፍር እየጎተተ ፈተሸ፤ ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ ሽማግሌ ነበር። እናቴን ሊያነሷት ሲሉ የመኪናዋ ድምፅ መጣ። መልእክት ከሚሴ ደርሶት አባቴ ሜዳውን አቋርጦ እየበረረ ነበር።

“አያ እንድሪስ፣ አላህ ይስጥልኝ። ወደየቤታችሁ ግቡ በቃ” አለ ከመኪናዋ ሳይወርድ። “መኪና እያለኝ ሚስቴን በቃሬዛ አላስወስድም።”

“ሰይዶ፣ ሜዳው ከላይ ነው የደረቀው። ሆዱ ውኃ ነው” አለው አያ እንድሪስ።

“አሁን አልፌበት መጣሁ አይደል?”

“ብቻህን ነበርክ።”

አባቴ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ በሩን ከፈተ። አያ እንድሪስም ከዚያ በላይ አልተከራከረም፤ “ኸይር ያድርገው” ብሎ ወደ ኋላ አለ። እናቴና አዋላጇ ከኋላ ተቀመጡ፣ እኔም አጠገባቸው ተሸጉጬ በሩን ያዝኩ።

የሜዳው እኩሌታ ላይ ቅርፊቱ ተሰበረ። ጎማው ሰጠመ፣ ቀጥሎ ሆዷ ጭቃው ላይ ተኛ። አባቴ ወደ ፊት ቢል፣ ወደ ኋላ ቢል፣ ጎማው እየተሽከረከረ ጭቃ ከመርጨት በቀር አልተነቃነቀችም። ወርዶ በእጁ ቆፈረ። ኮቱን አውልቆ ጎማው ስር አነጠፈ። እናቴ ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች። እኔ ቀና ስል ከኋላችን ጉብታው ላይ ሰዎች ቆመው አየሁ። የቅሬው ሰዎች ናቸው፤ ቃሬዛውንም ይዘውታል። ግቡ ቢባሉም አልገቡም፣ ከሩቅ ሲከተሉን ነበር። አባቴም አይቷቸዋል። ይህን የማውቀው ጀርባውን ስላዞረባቸው ነው።

እነሱ እንዳያሳፍሩት ብለው እስኪጠራቸው ቆሙ። እሱ አፍሮ አልጠራቸውም። በዚህ ሁኔታ አንድ ሰዓት ሙሉ አለፈ። እኔም ሁሉንም እያየሁ፣ ልጅ ነኝና፣ የታዘዝኩትን በር ጨብጬ ተቀምጫለሁ።

በመጨረሻ የጠራችው እናቴ ናት። ሲጨንቃት በኦሮምኛ ነበር የምትናገረው። ከየት ባመጣችው ጉልበት እንደሆነ እንጃ፣ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ “ኮታ! ወንድሞቼ፣ ኮታ! ኑልኝ!” ብላ ጮኸች። ጭቃውን እየሰነጠቁ በሩጫ መጡ። ቃሬዛው ላይ አጋደሟትና ሊያነሱ ሲሉ አባቴ የመኪናዋን በሮች ሁሉ እንደተከፈቱ ትቶ መጣ፣ አንዱን ጎረምሳ ገለል አድርጎ የፊቱን አጣና ትከሻው ላይ አደረገ። “ሱታ! ሱታ!” ይላል አያ እንድሪስ፣ ቀስ እንዲሉ። ከኋላቸው እያለቀስኩ ሮጥኩ። ዋናው መንገድ ላይ መጀመሪያ የመጣው የጭነት መኪና ቆሞ ጫናቸው።

ደሴ ላይ እናቴን አተረፉልን። ወንድሜ ግን ሳያለቅስ ተወለደ። ሐኪሙ “አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ ኖሮ” ብሎታል አባቴን። እሱም ይህን አልደበቀም፤ ተመልሶ ቅሬው በተሰበሰበበት ቃል በቃል ነገራቸው። አያ እንድሪስ በነጠላው ጫፍ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። “ቆመን እያየን መጠራት ጠበቅን። ወንጀሉ የሁላችንም ነው” አለ።

መኪናዋን ጭቃው ሲደርቅ በበሬ አወጧት። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልነዳትም። ቅሬው በተጠራ ቁጥር ግን፣ ሸምግሎ እንኳ፣ አጣናው ስር ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነበር።

ዛሬ ከሚሴ ባጃጅና ሚኒባስ ሞልቶባታል፤ ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ ይጠራላታል። ተመስገን ነው፣ ያንን ቀን መልሰህ አምጣው የሚል ሰው የለም። እኔም አዲስ አበባ ኖሬ፣ ሠርቼ፣ የራሴን መኪና ገዛሁ። ሆዷ ከፍ ያለ፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ የሚገኝ፣ ሞተሯ የማያስቸግር። አባቴ ሊጠይቀኝ የመጣ ጊዜ በኩራት ግቢው ውስጥ አሳየሁት። በመዳፉ ኮፈኗን መታ መታ አደረገና የግንቡን አጥር ሲያይ ቆየ።

“ከዚህ ማዶ ያለው ጎረቤትሽ ማን ይባላል?” አለኝ።

አላውቅም ነበር። አለማወቄን እንዳያይብኝ ፈራሁና አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ጠራሁለት። “አልሐምዱሊላህ፣ ስትጠሪው የሚመጣልሽ ሰው አለሽ” አለ፣ ፊቱ በራ፤ በዚያው ዓመት ሞተ። መኪናዬ እስከ ዛሬ አንድም ቀን መንገድ ላይ አስቁማኝ አታውቅም። የጎረቤቴን ስም ግን እስካሁን አላውቀውም።