በሊቀመንበሩ እንቁላል የተፈተነው ሙቀት መቆጣጠሪያ

በጭብጨባ የተረከቡት ዕቃ፣ ጭብጨባው ሲያበቃ ሥራውንም አብሮ አቁሞብዎት ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ላይ ሳይንስ ሳስተምር አጋጥሞኛል።

ትምህርት ቤታችን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ነበረው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ላስረዳ። ውስጡ የሚግል ሽቦ አለ። ከእንቁላሎቹ አጠገብ ደግሞ ከሙቀት መቆጣጠሪያው ጋር በቀጭን ቱቦ የተያያዘ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነ የመዳብ ዘንግ ይቀመጣል። ዘንጉ ሙቀቱን ይለካል፤ ሙቀቱ ሲበቃ መቆጣጠሪያው «ቀጭ» ብሎ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና «ቀጭ» ብሎ ይለቀዋል። የእኛው መቆጣጠሪያ ግን «ቀጭ» ማለት ከተወ ሰንብቷል።

ሆጤ ሰፈር ቤት ያከራዩኝ እናት በዚያ ሰሞን ፈንግል ዶሮዎቻቸውን ፈጅቶባቸው ነበር። የተረፏቸው እንቁላሎች ብቻ ናቸው። እነሱ ካልተፈለፈሉ ግቢያቸው ያለ ዶሮ መቅረቱ ነው። ሳጥኑን ተስፋ አደረጉ።

የትምህርት ቤቱ የምርት ኮሚቴ ሊቀመንበር ከስብሰባ ወጥቶ ስብሰባ የሚገባ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አዲስ መቆጣጠሪያ ፍለጋ አብረን ኮምቦልቻ ወረድንና ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አገኘን። ባለሱቁ የሙቀት ማስተካከያውን ከሰው ገላ ሙቀት በታች ዝቅ አደረገ፤ ሊቀመንበሩ ዘንጉን በላብ በራሰ መዳፉ ጨበጠ። «ቀጭ!»

«ተፈተነ!» አለና አጨበጨበ። ባለሱቁም፣ ምን ቸገረው፣ አጨበጨበ።

ደሴ ተመልሰን አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን ገጠምኩ። ዘንጉን ወደ ሳጥኑ ላስገባ ስል ሊቀመንበሩ እጄን ያዘኝ።

«ምን ልታደርግ ነው፣ ጓድ መምህር?»

«ሙቀቱን እንዲለካ ውስጥ ላስገባው ነዋ።»

«አዲስ የሕዝብ ንብረት ግለት ውስጥ? ውጭ ይንጠልጠል!»

አስረዳሁ። ሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ኮሚቴው እጅ አወጣ፤ ፊዚክስ በሙሉ ድምፅ ተሸነፈ። ዘንጉም የደሴ ብርድ ሳያንኳኳ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ተሰቀለ።

በምረቃው ዕለት አከራዬ እንቁላሎቻቸውን በጭድ ሸፍነው መጡ። ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ እንቁላሎቹን ዛሬ አይስጡ፤ ይቀቅሏቸዋል» አልኳቸው። ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩና በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንተ ጓድ፣ አንተም ቤት ዶሮ አለ አይደል?»

«አለ፣ እናቴ።»

«ወላሂ፣ እንግዲያ ያንተ እንቁላል ይቅደም! ታምነው የለ?»

እምቢ ማለት መቆጣጠሪያውን መጠራጠር ይሆናል። ከቤቱ አስመጣ፤ ተጨበጨበ።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑን ስንከፍት ግለቱ ፊታችንን ገረፈን። ሊቀመንበሩ አንዱን እንቁላል ሰበረ፤ አስኳሉ ድርቅ ብሏል።

ዘበኛው በአክብሮት፣ «ጓድ፣ ጨው ላምጣ?» አለ።

«ይህ አሻጥር ነው!» አለ ሊቀመንበሩ።

ያን ጊዜ ይህች ቃል ሰው ታሳስር ነበር። ወደ መስኮቱ ጠቆምኩ። «ዘንጉ የለካው የክፍሉን ብርድ ነው። ገና አልሞቀም እያለ ሽቦውን ሲያግል አደረ።»

«እንዲያ ከሆነ ብርዱን እሰረዋ!» አሉ አከራዬ። ኮሚቴው ሳይቀር ሳቀ። ሊቀመንበሩም የሚያስረው ሲያጣ ዘንጉ እንዲገባ ፈቀደ።

ዘንጉን አስገብቼ፣ በእንቁላሎቹ ፋንታ አንድ ጣሳ ውሃና ቴርሞሜትር አስቀምጬ ስከታተለው ዋልኩ። ቀጭ፤ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። የአከራዬ እንቁላሎች የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ሊቀመንበሩ መጥቶ አጨበጨበ፤ እነሱ ግን ደንግጠው ጥግ ያዙ።

እርስዎም መቆጣጠሪያ ሲቀይሩ እባክዎ እንዲህ አድርገው ይሞክሩት፤ ዘንጉ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከጎኑ ውሃና ቴርሞሜትር፣ ጆሮ ወደ «ቀጭታው»። ውጭ ይሰቀል የሚል ጓድ ከመጣብዎ ግን የራሱን እንቁላል ይዞ እንዲመጣ ይጠይቁት።