አንድ መጨለፊያ ውሃ

ሳሊው በታንኳችን ላይ ሥራው አንድ ነው፤ የገባውን ውሃ በእንጨት መጨለፊያ እየቀዳ መልሶ ወደ ባሕር ይደፋል። ሠላሳ ዓመት ይህንኑ ሲሠራ ጀርባው ጎብጦ ቀረ፤ ምላሱ ግን አልጎበጠም። "ሸራውን ወጥሩት እንጂ፣ እናንተ ሰነፎች! ባሕሩን ብቻዬን ልጨርሰው ነው?" ይለናል።

ከደሴታችን ከፑሉዋት ወደ ሳይፓን ደሴት ስንጓዝ አሥረኛው ቀን ላይ ሁላችንም ዝለናል። ከንፈራችን በጨው ተሰነጣጥቋል፤ ከስንቃችን የቀረው የዳቦ ፍሬ ከምንለው የዛፍ ፍሬ የተቦካ የኮመጠጠ ሊጥ ብቻ ነው። መንገድ መሪያችን ራትፓይ፣ የሳሊው የእህት ልጅ፣ ከሁላችንም ብሶበታል። መሪ አይተኛምና ዓይኑ ደም መስሏል። ጠዋት ላይ እንደተቀመጠ አንገቱ ደፋ አለና እንቅልፍ ጣለው።

ብዙም ሳይቆይ ደሴቷ ከፊታችን ብቅ አለች። ሁላችንም አየናት፤ አንድም ሰው ግን አልተነፈሰም። በእኛ ታንኳ መሪው ሳይናገር "መሬት" የሚል የለም። ተኝቶ መድረሱን ካወቀ ደግሞ ራትፓይ በሐፍረት ይሞታል።

ሳሊው አንዴ ጨለፈና ፊቱ ላይ ደፋበት።

"አጎቴ! አበድክ እንዴ?" ራትፓይ ዘሎ ተነሳ።

"እጄ ስቶ ነው፣ ልጄ።"

ራትፓይ ፊቱን ሲጠርግ ደሴቷን አያት። "መሬት!" አለ። እኛም ገና ያየናት መስለን ጮኽን።

ጩኸቱ ሲበርድ ወደ አጎቱ ዞረ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስተህ አታውቅም እኮ።"

"ደክሞኛላ" አለ ሳሊው፣ ጎንበስ ብሎ መጨለፉን ቀጠለ።