ፎቁ የዋጣቸው ጥሪዎች

በቢሮው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሹክሹክታ ነው የሚሉት። ድምፁ ከአፉ ወጥቶ ጠረጴዛ ሳይሻገር ስለሚቀር ነው። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ከመጣለት አጠገቡ ለተቀመጠው በጆሮው ይነግረዋል፤ ያ ሰው ያወራለታል።

ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጎረቤቶች ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሏት እናቱ ኮምፒውተር ይመክራል ትላለች፤ ከእውነቱም ብዙ አልራቀችም። ኮምፒውተር የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አይሰማም። በሩን ዝጋ ካሉት ባለቤቱ ውጭ ቢቀርም ይዘጋል። እነ ሹክሹክታ የጻፉት ፕሮግራም የአምቡላንስ ጥሪ የሚቀበል ነው። ሰው ይደውላል፣ አድራሻው ይመዘገባል፣ ጥሪው ከግድግዳው ወዲያ ባለው የስምሪት ክፍል ስክሪን ላይ ይወጣል፣ መኪና ይላካል።

ታዲያ አንድ ሰው ሲወድቅ የሚደውለው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ልጅ ይደውላል፣ አማት ትደውላለች፣ መንገደኛውም አይቀርም። ለአንድ በሽተኛ መኪና ተደራርቦ ይሄድና ሌላው ይቀራል። ስለዚህ ከአንድ አድራሻ በተቀራራቢ ሰዓት የመጡ ጥሪዎችን አንድ የሚያደርግ ትእዛዝ እንዲጽፍ ተነገረው። ጻፈ። ሞከረውም። ሙከራ ማለት ለፕሮግራሙ የውሸት ጥሪ እየሰጡ ምን እንደሚያደርግ ማየት ነው፤ ወጥ እንደ መቅመስ ያለ። እሱ ግን የቀመሰው ከድስቱ ጥግ ብቻ ነበር። ለሙከራ የፈጠራቸው ቤቶች ሁሉ አጥርና የራሳቸው በር ያላቸው ነበሩ። ራሱ ከእናቱና ከአክስቱ ጋር የሚኖረው ደረጃው ሰው በማያጣ ፎቅ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሲጽፍ ትዝ አላለውም። ሰው የራሱን ጀርባ አያይ።

ለዚህ ነው ሌላ ዓይን የሚያስፈልገው። በዚያ ቢሮ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው ወደ እውነተኛው ሥራ አይገባም። የዚያን ቀን አንባቢዋ፣ ትንሽ ትልቁ እታለም የሚላት አንጋፋዋ ነበረች። ሆዷ ደግሞ ምሳ ምሳ ይላል።

"አንተ የጻፍከውን ማንበብ የታጠበ ሰሃን ማጠብ ነው" አለችና፣ ተነቧል የሚለውን ተጭና ወረደች።

አንዴ እዪልኝ ሊላት አሰበ። አሰበ ብቻ። አዲሱን ትእዛዝ ወደ እውነተኛው ሥራ ለቀቀው።

ከምሳ በኋላ ስምሪት ክፍል ጭር አለ። መኪኖቹን የሚያሰማራው፣ አፉ ስለማያርፍ ሬዲዮ የሚሉት ሰውዬ፣ በበሩ ብቅ ብሎ ዛሬ ከተማው ጤነኛ ሆኗል፣ ሐኪሞቹ ሥራ ሊፈቱ ነው እያለ ቀለደ። ሰው ሳቀ። ሹክሹክታም ሳቀ፤ እንዲያውም ትእዛዙ የሠራ መስሎት በሆዱ ትንሽ ኮራ።

ስልኩ ጮኸ። አክስቱ ናት። እናቱ መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወድቃለች፣ ጭንቅላቷን ተመትታለች፣ እግሯ አልታጠፍ ብሏል። አምቡላንስ ከጠራች ቆይታለች፤ ተመዝግቧል፣ እየመጣ ነው ብለዋት ነበር። መምጣቱስ መጣ። ግን ምድር ቤት የሚኖሩትን፣ ትንፋሽ ያጠራቸውን ሽማግሌ ጭኖ ሄደ። ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ የደረሰችው ከጭሱ ነው። ደግማ ብትደውል፣ የዚያ አድራሻ ጥሪ ተፈጽሟል አሏት።

"ስጠራት ቶሎ አትመልስልኝም" አለች አክስቱ። "ዓይኗን ትከድናለች። አንተ እዚያው አይደለህ እንዴ፣ ላክልን እንጂ።"

ያኔ ገባው። አንድ ሕንፃ፣ አንድ አድራሻ፣ ሁለት በሽተኛ። ፕሮግራሙ አንድ አድርግ ተብሎ አንድ አደረገ። ከተማው ጤነኛ አልሆነም፤ በየፎቁ ሰው እየጠበቀ ነው።

እጁ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ጻፈው ትእዛዝ ነው፤ ስህተቱን ሊያርም። በጥድፊያ ግን አንዱን መስመር ሲያቃና ሌላውን ሊያጣምም ይችላል። ቤት ሲቃጠል ውሃ እንጂ ክብሪት አይፈለግም። ውሃውም አለ። አዲስ ሥራ በተለቀቀ ቁጥር የቀድሞው ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ አዲሱ ካበደ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ነገር ግን መመለስ በዚያ ቢሮ ደንብ አለው። እስኪመለስ ስክሪኑ ይጠፋል፣ የስምሪት ሠራተኞች በወረቀት ይሠራሉ። ስለዚህ መላሹ ቆሞ፣ ከግድግዳው ወዲያ እስኪሰማ ድረስ ጮኾ መናገር አለበት።

ሌላም መንገድ ነበር፤ ጸጥ ያለ። ሬዲዮን ጠጋ ብሎ እናቴ ናት ቢለው በጥቅሻ አንድ መኪና ይልክለታል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ። ከዚያ ፕሮግራሙን ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳያውቅበት ያቃናዋል። ተነሣ። መንገዱን አጋምሶ የስምሪቱን ስክሪን በበሩ አየው። ባዶ ነው፣ ንጹሕ። እዚያ ንጽሕና ውስጥ የስንቱ እናት እንዳለች ሲያስብ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

"እየመለስኩ ነው" አለ። የሰማው የለም።

"እየመለስኩ ነው፣ ወረቀት ያዙ። ጥሪ እየዋጠ ነው። የእኔ ሥራ ነው።"

ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ግን ግድግዳውን አለፈ። ወንበሮች ተንኳኩ። እታለም ፊቷ ዐመድ መሰለ፤ ያላነበበችው ታወሳት መሰለኝ፣ መጥታ አጠገቡ ቆመች። መመለሻውን ተጫነ። ስክሪኑ ጠቆረ። ሬዲዮ እንኳ ቀልዱን ትቶ ወረቀት ሳበ።

ጥሪዎቹ አልጠፉም ነበር፤ አንዱ በሌላው ሥር ተደብቀው ነው እንጂ። አሁን የቀድሞው ፕሮግራም ሲመለስ እየተራገፉ ወጡ፤ የስምሪቱ ስክሪን መኪና ባልተላከላቸው ጥሪዎች ቀላ።

"እናትህ የትኛዋ ናት?" አለችው እታለም፣ ተከትላው ስምሪት ክፍል ገብታ። የአክስቱን ድምፅ ካልተዘጋው ስልኩ ሰምታለች።

አመለከታት። ወድቃለች ተብሎ ብቻ ነበር የተጻፈው። ጭንቅላቷን መመታቷን፣ ዓይኗን መክደኗን ለሬዲዮ ነገረው፤ እሱም የሕመሟን ደረጃ ከፍ አደረገ። እንዲያም ሆኖ ከእሷ በላይ የሚያንቀጠቅጠው ሕፃንና ደም የሚፈሳት ነፍሰ ጡር ነበሩ። የቀረበው መኪና አንድ ነው፤ ሌሎቹ ገና ከሩቅ እየተመለሱ ነው። ሬዲዮ እጁን ስክሪኑ ላይ አንጠልጥሎ ዞሮ አየው።

"ወንድሜ፣ አንተ ካልክ..."

ከእናቱ በላይ ያሉትን ሁለቱን መስመሮች አነበበ።

"እንደ ሕመማቸው" አለ በመጨረሻ። "በተራ ላክ።"

ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆመ። አክስቱን አታስተኚያት፣ አዋሪያት አላት። አክስቱም የልጅነታቸውን፣ የተጣሉበትን ቀሚስ ሳይቀር እያነሣች ስታወራ፣ ስትቆጣ፣ ስትለምን ይሰማዋል። የእናቱ መልስ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ሲቀር እንደገና ጥሪያት ይላታል። በመጨረሻ ደረጃው ላይ የብዙ እግር ኮቴ ሰማ፤ አክስቱም ስልኩን ጥላ ሮጠች።

ሆስፒታል ሲደርስ እናቱ ጭንቅላቷ ተጠቅልሎ፣ እግሯ ታስሮ ነበር። ለምን ዘገዩ ስትል ጠየቀችው። መንገድ ተዘጋግቶ ነው ቢላት ታምነው ነበር።

"እኔ ነኝ ያዘገየሁት፣ እማ። አንቺንና ምድር ቤት ያሉትን አባት አንድ ሰው ናቸው ብዬ ኮምፒውተሩን መከርኩት።"

የተጠቀለለ ጭንቅላቷን ወደ እሱ አዞረች።

"እኔና እሳቸው?" አለች። "እሳቸው እኮ ጢም አላቸው።"

አልሳቀም። እሷም አልሳቀችም። ከእሷ በፊት የተላከላቸው እነማን እንደነበሩ ጠየቀችው፤ ነገራት። ሕፃኑ ተርፏል። ነፍሰ ጡሯ እዚሁ ናት፣ ማዋለጃ ክፍል ገብታለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም።

"ታዲያ እዚህ አጠገቤ ምን ትሠራለህ?" አለችው። "ሂድና ጠይቅ።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ፤ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለችው ሲስተር አመራ።