ጅቡ ማነው?

ባለፈው ቅዳሜ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ልጄ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም፣ እኔ አጠገቧ ምስር እለቅም ነበር። አማርኛ አስተማሪ ናት። አንድ የቆየ ልቦለድ አስነብባቸው፣ “ክፉው ንጉሥ ማንን ይወክላል?” ብላ ጠይቃቸዋለች። አንዱ ተማሪ፣ “ቲቸር፣ ማን እንደሆነ ገብቶናል” ብሎ ጽፏል። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ክው አልኩ።

እንዲህ የደነገጥኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ በደርግ ጊዜ። ትምህርቴ የቀበሌው መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ከጌጃ ሰፈር ጭቃውን እየዘለልኩ፣ የበቆሎ ጥብስ ሽታ ወደ ኋላ እየጎተተኝ የምንማርበት የቀበሌ አዳራሽ እደርሳለሁ። ቆርቆሮው በዝናብ ሲንጫጫ መምህራችን ጋሽ ታደለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። የዚያን ቀን ያነበቡልን የበጎች ጠባቂ ሆኖ ስለተሾመ ጅብ ነው። ጅቡ ጠዋት ጠዋት፣ “ዛሬም ማንም አልጎደለም” ይላል፤ የተረፉት በጎች ያጨበጭባሉ።

“ደራሲ ስለ አውሬ ሲያወራ ስለ አውሬ ብቻ አይደለም” አሉ ጋሽ ታደለ። “እስቲ አስቡ፣ ጅቡ ማነው?”

“ንገሯቸው እንጂ፣ ጓድ መምህር!” የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፣ ካፖርቱ ውሃ ያንጠባጥባል። “ማነው ጅቡ?”

ጠመኔው ጋሽ ታደለ እጅ ላይ ቀረ። እንዲህ ተጠይቀው የተወሰዱ ሰዎች እንዳልተመለሱ ሁላችንም እናውቃለን። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተነሳሁ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ ገና ፊደል ቆጣሪዎች ነን። እርስዎ ካወቁት ይንገሩንና ደብተራችን ላይ እንጻፈው።”

“እውነቷን ነው፣ ልጄ” አሉት ሊቀመንበሩን አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት፣ እርሳሳቸውን ምላሳቸው ላይ እያረጠቡ። “ስሙን ከነአባቱ ንገረን።”

የክፍሉ እርሳስ ሁሉ ተነሳ።  ሊቀመንበሩ ያሰበውን ስም ካወጣው ተሳዳቢው እሱ ሊሆን ነው!

“ጅብ ነዋ! ጅብ ጅብ ነው!” ብሎ ጮኸ።

“ጻፉ” አሉ ጋሽ ታደለ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። “ጅብ ጅብ ነው።”

ጻፍን። ሊቀመንበሩ በሩን ወርውሮት ሲወጣ ሳቃችን የዝናቡን ድምፅ ዋጠው። ጋሽ ታደለ በቆሎ ገዝተውልኝ እስከ ቤቴ ሸኙኝ። “ዛሬ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ” አሉኝ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ያም ሆኖ፣ ሰኞ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። የእናት ሆድ በድሮ ድል አይጽናናም። አመሻሽ ላይ ገባች፤ ተማሪዎቹ ንጉሡ ማን እንደሆነ ሲከራከሩ ደወሉ እንኳ አልተሰማቸውም አለችኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ያልደረስኩት ሴት አንድ መምህር አስጥያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ የመምህር እናት ነኝ። ልጄ ቤቷ ገብታለች። ደህና ነን።