ይሰበራል ያልሁት መስተዋት

እኔንና ከሳሼን ወደ እስር ጎጆዋ ሲያስገቡን መጀመሪያ ያየሁት የተሰነጠቀውን የግድግዳ ምርግ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በስንጥቁ ይገባል። ቀጥቃጩ የሰንሰለቱን አንድ ጫፍ በእኔ ቀኝ እጅ፣ ሌላውን በከሳሼ ግራ እጅ ላይ ቀጥቅጦ አሰረ። ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ አብረው ይታሰራሉ፤ የአገሩ ደንብ ነው። ቁራኛ ይሉታል።

ከሳሼ በደብረ ታቦር የእቶኑ ሥራ አለቃ ነበር። ንጉሡ ለሚያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የመስኮት መስተዋት እንድናወጣ ታዘን ነበር። እኔ ለንጉሡ የሚሠሩት ፈረንጆች ሲያቀልጡ እያየሁ በራሴ የተማርሁ እቶን ሠሪ ነኝ። አሸዋና አመድ ቀልጦ በድንጋይ ላይ ሲዘረጋ መስተዋቱ ያምራል፤ ብርድ ሲያገኘው ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ፣ "ከእቶኑ ጎን ሁለተኛ ክፍል እንሥራ፤ የእሳቱ ትርፍ ሙቀት በዚያ ይለፍ፤ መስተዋቱም እዚያው ቀስ ብሎ ይብረድ" አልሁ።

አለቃው እንቢ አለ።

"እንግዲያው ይሰበራል" አልሁ። ሰው ሁሉ ሰማኝ። መኳንንቱ ሊያዩ በመጡ ዕለት መስተዋቱ በፊታቸው ተሰበረ። አለቃውም "አሟርቶ ሰበረው፤ ቡዳ ነው" ብሎ ከሰሰኝ።

በጎጆዋ ውስጥ እኔ ባማተብሁ ቁጥር የእሱ እጅ አብሮ ይነሣል።

"እጄን አትጎትት፣ ቡዳ!"

"ላማትብ ነው።"

"ደግሞ ቡዳ ያማትባል?"

"ባላማትብ ቡዳ ነው ትላለህ፤ ባማትብ አስመሰለ ትላለህ።"

ጠባቂው ከደጅ ሳቀ። "እናንተስ ከባልና ሚስት ባሳችሁ!"

በማግስቱ ዳኛው መጡ፤ ሽማግሌ ናቸው።

"አንተ ሰው፣ ማሟረትህን እመን። ተገርፈህ ቤትህ ትገባለህ። ካላመንህ የንጉሥን ሥራ ያጠፋ እጁ ይቆረጣል።"

ሴቶች ልጆች ነበሩኝ። የቡዳ ልጅ የተባለችን በዚያ አገር ማን ያገባታል? እጁ የእኔ ነው፤ ስሙ ግን የእነሱ ነው።

"አባቴ፣ ያልሠራሁትን አላምንም። ለምን እንደ ተሰበረ ግን ላሳይዎት።"

ጠባቂዎቹ እሳት ባነደዱበት አመድ ላይ ተንበረከክሁ። እቶኑን፣ የጭሱን መውጫ፣ ሁለተኛውን ክፍል በጣቴ መሣል ጀመርሁ። ሰንሰለቱ አጭር ስለ ነበር የከሳሼ እጅ መስመር በመስመር ተከተለኝ። እሱ ግን ሥዕሉን በእግሩ አጠፋው። እንደገና ሣልሁ። እንደገና አጠፋው።

"ተወው፣ ይጨርስ" አሉት ዳኛው።

ጨረስሁ። "መስተዋቱ ሳይሰበር ይህን ክፍል እንሥራ ብዬ ነበር" አልሁ። ዳኛው አመዱን ዝቅ ብለው አዩት።

"ይህ ነገር አይገባኝም" አሉ። "ነገር ግን የሚያሟርት ሰው መድኃኒቱን አስቀድሞ አይናገርም። ቡዳ ነህ ብዬ አልፈርድብህም። አለቃህን በሰው ፊት ስለ ደፈርህ ግን ትገረፋለህ።"

ተገረፍሁ። ሰንሰለቱም ተፈታ።

ያ ሁለተኛ ክፍል አልተሠራም፤ መስኮቶቹ በሸማ ተጋርደው ቀሩ። ልጆቼ በወግ ተድረዋል። ለእነሱ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ያልሠራችሁትን ሠራን ብላችሁ አትመኑ፤ እውነት ተናገርን ብላችሁም ምስጋና አትጠብቁ። ከሳሼን አንዳንድ ጊዜ በይፋግ ገበያ አገኘዋለሁ። የንስሐ አባቴ "ይቅር በለው" ቢሉኝ ይቅር ብያለሁ። ሰላምታውን ግን እስከ ዛሬ አልመለስሁለትም፤ ይህንንም ከንስሐ አባቴ ደብቄ አላውቅም።